በማዳበሪያ መጋዘን ያልተደረገው እርቅ

የያዙን በእርቁ መሀል ነው። የገዳይ አባት እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ ወደ ሟች ወንድም እየቀረበ ነበር። እኔ የእርቁ ሽማግሌ ከዋርካው ሥር ቆሜያለሁ። ሕዝቡ ዙሪያውን ከቧል። ያን ጊዜ ፖሊሶች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዞረው ወጡና አንዱ፣ "ድንጋዩን ጣል!" ብሎ ጮኸ። ሊወረውር መስሎታል። ሰውየው ደግሞ "ይቅር" ሳይባል እንዴት ይጣል? ተሸክሞ ቆመ። በሰደፍ መትተው አስጣሉት። ድንጋዩንም ለማስረጃ ነው ብለው መኪና ላይ ጫኑት።

ጊዜው የመሬት ሽግሽግ ሰሞን ነው። ሰው ተሰብስቦ ከታየ አድሟል ይባላል። እኛ ደግሞ ዋርካው ሥር ቦታ እስኪጠፋ ሰው ሰብስበናል።

ያስገቡን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ይንጣጣል። ሽታው ዐይን ያቃጥላል፤ ምራቅ እንኳ ይመርራል። የተቀደደ ጆንያ አንጥፈን ተቀመጥን። ሦስት ነን፤ የገዳይ አባት፣ የሟች ወንድምና እኔ። ገዳዩ ልጅ ቆላ ወርዶ ሸፍቷል። ደም ያልደረቀላቸው ሰዎች ከአንድ ጣሪያ ሥር ሲውሉ በእኔ ዕድሜ አላየሁም። መሀላቸው ተቀመጥኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ከሁለቱም ቤት ስንቅ መጣ። ሽማግሌ እርቁ ሳያልቅ ከአንዱም ወገን አይቀምስም። የእኔ ቤት ደግሞ ሩቅ ነው። በሁለት አገልግል መሀል ጦሜን ዋልኩ። የሟች ወንድም እየጎረሰ፣ "አያ፣ የእስር ቤት እንጀራም ጉቦ ነው?" አለኝ። ያሾፍብኛል።

"ብላ፤ ዝም ብለህ ብላ" አልኩት።

የገዳይ አባት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የሚበላው።

በማግስቱ አንድ ካድሬ መጣ። የወረዳ ሰው ነው፤ ገና ለጋ፣ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠ።

"አባባ፣ ያስታርቋቸውና ሦስታችሁም ወደ ቤታችሁ ሂዱ።"

"እዚሁ?"

"እዚሁ። እኔ ምስክር እሆናለሁ። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ለሕዝቡ አስታውቃለሁ።"

"ልጄ፣ ያሰራችሁን ስለ ምንድን ነው?"

"ሳታስፈቅዱ ሕዝብ ሰብስባችሁ።"

"ለእርቅ ነው የሰበሰብነው።"

"እሱንማ እናውቃለን።"

"ታዲያ?"

"አሁን ፈቅደናል።"

ነገሩ ዞረብኝ። ትናንት ያሳሰረን ነገር ዛሬ ማስፈቻ ሆነ። ሰውየውን ክፉ ነው እንዳልል፣ ዐይኑን ሳየው የእውነት ፈርቷል። "የሁለቱም ዘመዶች ጥይት እየገዙ ነው። በገበያ ቀን ሰው ይሞታል የሚል ወሬ አለ" አለኝ። እኔም ፈራሁ።

ግን እንቢ አልኩ። "በሩን ክፈትና ይውጡ። ከወጡ በኋላ ወደው ከመጡ አስታርቃለሁ። ተቆልፎበት እሺ ያለን ሰው ማን ያምነዋል?"

"ወጥተው ቢጋደሉስ?"

"እኔ እንጃ።"

የሟች ወንድም ቱግ አለ። "አያ፣ ምን ነካዎት? ጤፌ ማሳ ላይ እየረገፈ ነው! እኔ ይቅር ካልኩ እርስዎ ምን ቤት ነዎት?"

የገዳይ አባትም ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ "በመድኃኔ ዓለም፣ አያ! የቀሩትን ልጆቼን ይጨርሱብኛል" አለ።

አሳሪውም ታሳሪዎቹም በአንድ ላይ ተነሱብኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ "አላስታርቅም" አልኩ።

ካድሬው ብድግ አለ። አንቱታው ቀረ። "አንተ ሽማግሌ፣ እንዳልከው እነዚህን እለቃቸዋለሁ። ደም ከፈሰሰ የምትጠየቀው አንተ ነህ!" ሁለቱን ይዞ ወጣ። በሩ ተቆለፈብኝ።

ብቻዬን ቀረሁ። ቆርቆሮው በተንጣጣ ቁጥር ተኩስ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ልክ ነኝ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሰው አስጨረስኩ እላለሁ። ሚስቴ ብትኖር ግትርነት ነው ትለኝ ነበር። ምናልባትም እሱ ብቻ ይሆናል።

ፀሐይ ዘንበል ስትል በሩ ተከፈተ።

"ምን አድርገሃቸው ነው?" አለኝ ካድሬው።

"እነማንን?"

"ውጣና እያቸው።"

ከበሩ በወዲህ የሟች ወንድም፣ በወዲያ የገዳይ አባት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አይተያዩም። ካድሬው፣ "ሂዱ ብላቸው፣ ሽማግሌያችንን ስጠን ይሉኛል" አለ። ብቅ ስል ሁለቱም እኩል ብድግ አሉልኝ። ካድሬው አንዴ እነሱን፣ አንዴ እኔን አየ። "ሂዱ እንግዲህ" አለን።

እርቁን በሰንበት፣ በዚያው ዋርካ ሥር ጨረስነው።

ከዓመታት በኋላ የሟችን ወንድም ጠየቅሁት፤ "ጤፍህ እየረገፈ ምን ብለህ ተመለስክ?"

"ተናድጄብዎት ግማሽ መንገድ ሄጄ ነበር" አለኝ። "ኋላ እናቴ ትዝ አለችኝ። ልጇን ከቀበረች ጀምሮ ውሎዋ ደጃፍ ላይ ነው። አልታረቅኩም ብላት ጠመንጃውን ታቀብለኛለች። ታረቅኩ ብላት፣ ማን አስታረቀህ ትለኛለች። ካድሬው ልበላት?"

አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል። አዳራሽ እየጠሩን፣ ውሃ በፕላስቲክ እያደሉን፣ ሰላም እንዴት እንደሚወርድ ያስተምሩናል። አንዳንዱ ይገባኛል፤ ብዙው አይገባኝም። በሬዲዮ እዚህ ታረቁ፣ እዚያ ተስማሙ ሲባል ስሰማ ደስ ይለኛል። ወዲያው ግን ደጃፍ ላይ የተቀመጠች ሴት ትታየኛለች። ማን አስታረቃችሁ ስትል ምን ብለው ይመልሱላት ይሆን?