ያላመመኝ እግር

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ትንንሽ አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ ይገለባበጣሉ። አብራሪዎቹ ሌላ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው። ጠያቂዋ «ለብሔራዊ ቡድን መመረጥ አያጓጓህም?» ስትለው ሳቀና «እኛ የምንበረው ለደስታችን ነው» አለ። የእህቴ ልጅ «እንዴት ያለ ነፃ ሰው ነው!» ብሎ አደነቀው። ሰውየው እውነቱን ይሆናል፤ አላውቀውም። እኔ ግን በሃያ ዓመቴ ይህንኑ ስል እዋሽ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ጂምናስቲክ የምንሠራ ሰባት ስምንት ጎረምሶች ነበርን። ፍራሻችን ጭድ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ሲሆን እጃችን እንዳያሟልጭ አመድ እንቀባ ነበር። ከድር የሚባል የባለሱቅ ልጅ ጥንዴ ነበር። እኔ ከታች እሸከማለሁ፤ እሱ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ይገለበጥና እቀበለዋለሁ። ከመዝለሉ በፊት «አለህ?» ይለኛል። «አለሁ» እለዋለሁ። ወደ ታች አይቶ አያውቅም።

ከመካከላችን ለብሔራዊ ቡድን መመረጥ እንደሚፈልግ በአፉ የሚናገር እሱ ብቻ ነበር። ሌሎቻችን ኩራታችን አይጣል ነው። በተለይ እኔ!

«ሰው እንዲመርጠው ብሎ የሚገለበጥ ዝንጀሮ ነው» እለው ነበር።

«በቃ፣ ዝንጀሮ ነኛ!» ይልና ይስቃል።

ማንም የማያውቀው ነገር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለከድር «ዘመድ ሞቶብን ለቅሶ ልሄድ ነው» ብዬ፣ ተደብቄ ብቻዬን ለቡድኑ ምርጫ ቀርቤ ነበር። የሌለ ዘመድ ገድዬ ሄጄ ስሜ ሳይጠራ ተመለስኩ። ለመመረጥ ያለኝ ንቀት የጀመረው ያን ቀን ማታ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ደግሞ የጥንዶች ምርጫ መጣ። ዝናቡ አልፎ መንገዱ ደርቋል፤ ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይመጣል። ከድር ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እኔ ፈራሁ። ሰው የሚያየው ከላይ ያለውን ነው፤ የሚሸከመውን ማን ያያል? እሱን አንስተው እኔን ቢተዉኝስ? ለዚያውም እሱ ፊት! ከዚህ ሁለታችንም ብንቀር ይሻላል አልኩ። ዛሬ ስጽፈው እንኳ እጄ ያፍራል።

የምርጫው ዕለት፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሊጠራኝ ሲመጣ ቁርጭምጭሚቴን በሻሽ ጠምጥሜ ተኝቼ አገኘኝ።

«ትናንት ከእንጦጦ ስወርድ ወለም አለኝ» አልኩት።

እንደሰማኝ ሮጦ ወጣ። ተናዶ የሄደ መስሎኝ ቀለል አለኝ፤ እናቴ ያቀረበችልኝን ቆጮ በጎመን መብላት ጀመርኩ። ጉርሻዬን ሳልውጥ ተመልሶ መጣ፣ የሰፈራችንን ወጌሻ እማማ ብርቄን ክንዳቸውን ደግፎ።

«አሁን ካሹህ እኮ እንደርስበታለን!» አለኝ እያለከለከ። እማማ ብርቄ ሙቅ ውሃ ሲጠይቁ እሱው ሊያመጣ ወደ ጓሮ ሮጠ።

እሳቸው ሻሹን ፈትተው ጣታቸውን በቅቤ ነከር አደረጉ። እጃቸው ወደ እግሬ ሲመጣ ባየሁ ጊዜ «ዋይ!» ብዬ ጮህኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሳልነካህ?»

ቁርጭምጭሚቴን ዳሰሱት፣ አዞሩት፣ ከዚያ ቀስ ብለው መልሰው ይጠመጥሙት ጀመር።

«የምሸፍንልህ አንተን ብዬ እንዳይመስልህ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ልጅ ቤቴ ድረስ መጥቶ ጉልበቴን ስሞ ነው ያመጣኝ። ምን ብዬ እነግረዋለሁ?»

ከድር ውሃውን ይዞ ገባ። «እንዴት ነው፣ እማማ?»

«ይረፍ» አሉ።

እዚያው መደቡ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ከቦርሳው እናቱ ለዚያ ቀን ብለው የጠበሱለትን ሳምቡሳ አወጣና ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ። «ግድ የለም፤ ለከርሞም አለ» አለኝ። በላሁ። ጣፈጠኝም። ከውሸቱ ይልቅ አንዳንዴ ይሄ ነው የሚቆጠቁጠኝ።

ለከርሞ የተባለው አልሆነም። በቀጣዩ ክረምት አባቱ ታመሙና ሱቁን ከድር ተረከበ፤ ወደ አዳራሹም አልተመለሰም። እኔም ሌላ ጥንድ አልያዝኩም። ደጋግሜ ልነግረው አስቤያለሁ፤ እማማ ብርቄ ሲሞቱ በቀብራቸው ላይ ጎን ለጎን ቆመን እንኳ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ለእኔ የሠራው ስንቁ ብቻ ነው። የከድር ሱቅ ዛሬም ከቤቴ አሥር ደቂቃ አይርቅም። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ልጆች ድሯል። ብርድ በገባ ቁጥር ስኳር ልገዛ ብቅ ስል በርጩማ ያቀርብልኝና ከሁሉ አስቀድሞ «ያቺ እግርህ እንዴት ናት? ብርዱ አልቀሰቀሰባትም?» ይለኛል።

«ትንሽ ትንሽ» እለዋለሁ።

ከሱቁ ስወጣም፣ ከኋላዬ እያየኝ እንደሆነ ስለማውቅ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ አነክሳለሁ።