ጋሽ ዳልቦ መርቀው የዘጉት ጥያቄ

በጠረጴዛችን ዙሪያ የነበርነው ጋሽ ዳልቦ፣ አስቴር፣ ቲቶስና እኔ ነን። ከኋላችን መምህርታችን ምሕረት፣ ከእሷ አጠገብ ደግሞ ከአርባ ምንጭ የመጣው አሠልጣኝ ቆመው ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም። ስማችንን የምዘረዝረው ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር በተደረገ የመምህራን ስብሰባ ያ ጠረጴዛ ለሌሎች ኮሌጆች ምሳሌ ሆኖ ሲቀርብ ስለሰማሁ ነው።

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጃችን ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ጉሙ በመስኮቱ ይገባል፣ ክፍሉ እርጥብ ጋቢ ይሸታል። በአዲሱ የሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ መምህሩ መልሱን አይናገርም። ተማሪዎች አራት አራት ሆነው ይከራከራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይተራረማሉ። አርባ ምንጭ ላይ ተሞክሮ ውጤት አምጥቷል ተብሎ ወደ ሌሎች ኮሌጆች ሲሰፋ የመጀመሪያው ተራ ለእኛ ደረሰ። ምሕረት ለዚህ ዘዴ ብዙ ለፍታለች። የዚያ ቀን ትምህርት አሠልጣኙን ካላረካው፣ እንደ ድሮው ሰሌዳ ሞልታ ማስገልበጥ ነበር ዕጣዋ።

ጥያቄው ስድስት ለግማሽ ሲካፈል ስንት እንደሚሆን ነበር። ጋሽ ዳልቦ አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ኖረው ደረጃቸውን ለማሻሻል የመጡ ናቸው። በመንደራቸው ጉባኤ በሚቀመጥበት ዱቡሻም የሚሰሙ ሽማግሌ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ መርቆ የዘጋው ነገር ላይ ቃል አይጨመርም። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ግማሽ ማለት ለሁለት መክፈል ስለሆነ መልሱ ሦስት ነው ሲሉ ቀስ አድርገው አስረዱን።

“ግን…” አለች አስቴር።

ጋሽ ዳልቦ የሰሟት አልመሰለኝም። መዳፎቻቸውን ዘርግተው፣ “እንግዲህ ተስማምተናል፤ እግዚአብሔር ይባርከው” አሉ። እኛም አሜን ብለን እስክሪብቷችንን አስቀመጥን።

አሠልጣኙ እንዲህ የሚደማመጥ ቡድን አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። የተመለከተው አነጋገራችንን እንጂ ወረቀታችንን አልነበረም። ምሕረት ግን የጻፍናትን ሦስት አየቻት። መልሱን እንዳትናገር ዘዴው ይከለክላታል። ጎንበስ ብላ አስቴርን፣ “ምን ልትዪ ነበር?” አለቻት።

“ምንም፣ መምህርት።”

አሠልጣኙ ዘዴው እንዲቀጥል ፈቅዶ፣ ደስ ብሎት ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ ወረደ።

በዕረፍት ሰዓት ጋሽ ዳልቦ ከጓሯቸው ያመጧቸውን ስድስት አፕሎች በረንዳው ላይ አወጡ። ለሁላችንም እንዲዳረስ እያንዳንዱን ለሁለት እየገመሱ ጋዜጣ ላይ ደረደሩ። የመጨረሻውን እንደገመሱ ቢላዋው እጃቸው ላይ ቀረ።

“አሥራ ሁለት” አሉ። ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩን። “ታውቁ ነበር?”

ሦስታችንም አቀረቀርን።

“ነገ ልጆቹ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። እንዴት ጨክናችሁ ተዋችሁኝ?”

“ጋሼ፣ መርቀው ዘጉት እኮ” አለች አስቴር።

አፕሉን የነካ የለም። ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። የለፋችበትን ፈቃድ ባገኘችበት ቀን ፊቷ ላይ ደስታ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ በየቡድኑ ታናሹ መጀመሪያ፣ ታላቁ መጨረሻ እንዲናገር ታደርግ ጀመር። ጋሽ ዳልቦም ተራቸው እስኪደርስ አገጫቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር። ሴቻ ላይ እንደሰማሁት ግን ይህች ደንብ ከክፍላችን አልወጣችም። ወደ ሌሎቹ ኮሌጆች የተሻገረው የዚያ ቀን ዝምታችን ነው፣ ስምምነት ተብሎ።

አስቴር፣ ቲቶስ፣ ምሕረት፣ የረሳሁት ወይም ያጣመምኩት ካለ ጨምሩበት። ጋሽ ዳልቦ፣ እርስዎ ግን ይቅርታዎን፣ መጨረሻ ይናገሩ። እኔ አልመረቅሁትም፤ ገና ክፍት ነው።