እብጠቱ ከጠፋ በኋላ

ሕመሜ የጀመረው በማሳከክ ነው። ሁለቱም ቅልጥሞቼ ያሳክኩኛል፤ ሽፍታ ግን የለም። ቁንጫ መስሎኝ አንሶላዬን ቀቀልኩ፣ ፍራሼን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ከፋ ዞን፣ ዋጫ ከተማ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ጠረጴዛ ሥር እግሬን በእስክሪብቶ እያከክሁ ስንት ፋይል አሳልፌያለሁ።

ቀጥሎ ሌሊት ልብሴን የሚያርስ ላብ መጣ። ከዚያ አንገቴ ሥር በግራ በኩል እብጠት አገኘሁ። አያምም። ስለማያምም ናቅሁት።

ቦንጋ ያየኝ ሐኪም በመርፌ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ ቁርጥ ያለ አልነበረም። እንዲህ ያለ እብጠት በአካባቢያችን ብዙ ጊዜ የቲቢ ስለሚሆን የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩ። እብጠቱ አደገ፤ እኔ ከሳሁ። ሐኪሙ ራሱ "ይኼ ነገር አላማረኝም፤ ጅማ ሄደሽ ባዮፕሲ ተሠሪ፤ ከእብጠቱ ቆርጠው ይመርምሩት" ብሎ ሪፈር ጻፈልኝ። ታላቅ ወንድሜ አስራት የቡና ለቀማውን ለሚስቱ ትቶ አብሮኝ ሄደ።

የባዮፕሲው ውጤት ሆጅኪን ሊምፎማ ሆነ። የሊምፍ ካንሰር ነው።

የጅማው ዶክተር "በሚገባ ከታከምሽ የመዳን ዕድልሽ ከፍተኛ ነው" አለኝ። እኔ የሰማሁት ካንሰር የሚለውን ብቻ ነው።

ስድስት ዙር ኬሞቴራፒ ታዘዘ። አስታወከኝ። ጸጉሬ ረገፈ። አፌ ቆሰለ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ አንገቴን ስዳብስ እብጠቱ የለም። ማሳከኩም ቆሟል።

"ጋሼ፣ ድኛለሁ። ከእንግዲህ አልሄድም" አልኩት።

አስራት አልተቆጣም። "እሺ። ይህንኑ ለዶክተሩ በራስሽ አፍ ንገሪውና እንመለሳለን" ብሎ ሚኒባስ ላይ አሳፈረኝ።

ዶክተሩ ከሰማኝ በኋላ ወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ክብ፣ ዙሪያውን ብዙ ነጥቦች ሣለ።

"ክቡ የካንሰር ሴል ነው። እብጠቱ ውስጥ እንዲህ ያሉት ጥቂት ነበሩ። ነጥቦቹ የራስሽ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። የካንሰሩ ሴል ኬሚካል እየረጨ ይጠራቸዋል። ይመጣሉ፤ ግን አይገድሉትም። ጭራሽ እንዲያድግ ይረዱታል። አንገትሽን ያሳበጡት በአብዛኛው እነሱ ናቸው።"

"የገዛ ሴሎቼ ከዱኝ?"

"አልከዱሽም። የተሳሳተ መልእክት ነው የደረሳቸው።"

አስራት "ታዲያ እብጠቱ ከጠፋ ምን ቀረ?" አለ።

"የተጠሩት ተበትነዋል። ጠሪዎቹ ማለቃቸውን ግን በእጅ ዳብሰን አናውቅም። ጥቂት ከቀሩ እንደገና ይጠራሉ። በሊምፍና በደም ሥር ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትም ሊሄዱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሕክምናው ይከብዳል።"

እጅጌዬን ጠቀለልኩ። ከዚያ ክንዴን ለነርሷ ዘረጋሁ።

የቀሩትን አራት ዙሮች ጨረስኩ። ዶክተሩ የመጨረሻውን ሲቲ ስካን አይቶ "አሁን የሚታይ በሽታ የለም" ባለን ዕለት አስራት ከሆስፒታሉ በር ቆሞ ለእናታችን በስልክ፣ በቋንቋችን በካፊኖኖ፣ እየጮኸ ሲያበስራት መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያየው ነበር። ዋጫ ከተመለስኩ በኋላ የገበያውን ዳገት መጀመሪያ ሦስት ጊዜ እየተቀመጥኩ፣ ኋላ አንዴ ብቻ አርፌ፣ አሁን ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ጋር ወሬ ሳላቋርጥ እወጣዋለሁ፤ ጸጉሬም ከበፊቱ ይበልጥ ተጠቅልሎ በቅሏል።

ክትትሌ ይቀጥላል። ለፈጣሪ፣ ለሐኪሞቼና ለወንድሜ ምስጋናዬ ብዙ ነው። እናንተም ያለ ሽፍታ የሚያሳክካችሁ፣ ልብስ የሚያርስ ላብ የሚያልባችሁ፣ የማያምም እብጠት ያወጣችሁ ካላችሁ ተመርመሩ። መድኃኒት ጀምራችሁ ለውጥ ካጣችሁ ባዮፕሲ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ሕክምናው ሰልችቷችሁ ልትቀሩ ከወሰናችሁም፣ እባካችሁ፣ ውሳኔያችሁን ቤት ሆናችሁ አትጨርሱት። ሄዳችሁ ሐኪማችሁ ፊት ተቀመጡና ንገሩት።