ቲቸር ተረፈችና የሱሉልታው ወተት

ድንቅቱ ጋሮማን አግብታ ሰበታ፣ አማቷ ግቢ ስትገባ፣ ስለ አማቷ ሹክ ያላላት ጎረቤት አልነበረም። ቲቸር ተረፈች ሳይንስ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ግማሹ ሰበታ በእጃቸው አልፏል። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ባልነበረው ዘመን፣ የተቃጠለ አምፖል ሆዱን ጎልጉለው ውሃ ማፍሊያ አድርገውታል፤ ከተሰበረ ሬዲዮ ማግኔት ነቅለው ደወል ሠርተዋል። ተማሪዎቻቸው የማይረሱት ግን ሌላ ነው። አንዱ ተነስቶ መልስ ሲሰጥ "ማን አየ?" ይሉታል። "መጽሐፉ ነው የሚለው" ያለ ተማሪ ወዮለት። "ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር" የሚለውን ሰሌዳው ጥግ ጽፈው አያጠፉትም ነበር።

እንዲህ ያለች ሴት ለመምህርነት ትመቻለች እንጂ ለአማትነት ትከብዳለች። ድንቅቱ በርበሬ አስፈጭታ ስትመጣ፣ ቲቸር ቆንጥረው ብርጭቆ ውሃ ላይ ይበትኑትና የሸክላ ዱቄት ከሥር ይዘቅጥ እንደሆን ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። "የሚጠረጥሩት በርበሬውን ነው ወይስ እኔን?" እያለች በሆዷ ታጉረመርማለች።

ልጇ ዕድላዊት ጡት ስትተው፣ የድንቅቱ እናት ከሱሉልታ ወተት መላክ ጀመረች። ቦጂያ የሚባል የወተት መኪና ሾፌር ቡራዩ ያደርሰዋል፤ ጋሮማ የሚሠራበት ብየዳ ቤት እዚያው ቡራዩ ስለሆነ፣ ከሥራ ሲወጣ ይዞት ይመጣል። አንድ ቀን ድንቅቱ ጓዳ ስትገባ አማቷ ወተቱ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ሚስማር ከተው፣ ጫፉን በሰም ደፍነው፣ ወተቱ ላይ አቁመውታል። ቀፎው ላይ ቀይ ጭረት ተደርጎበታል።

"ምን እያደረጉ ነው፣ ሃርሜ?" አለች፤ አማቷን በኦሮምኛ "እናቴ" ብላ ነው የምትጠራቸው።

"ንጹሕ ወተት ቀፎውን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ ጭረቱ ይታያል። ውሃ የገባበት ግን ያሰምጠዋል። ነይ እዪው።"

ጭረቱ ጠልቆ አይታይም።

የድንቅቱ ፊት ጋለ። "እናቴ ለልጅ ልጇ ውሃ ትልካለች ነው የሚሉኝ?"

"እናትሽን መች አነሳሁ? ያልኩት ወተቱን ነው።"

ድንቅቱ አኮረፈች። ኩርፊያዋ ሲበርድ ግን ጥርጣሬዋ ቦጂያ ላይ አረፈ፤ መንገድ ላይ ብቻውን ከወተት ጋር የሚውል ሰው ምን አይሠራም? ስለዚህ አማቷ "ሱሉልታ አብረን እንሂድ" ሲሏት እምቢ አላለችም። እናቷ ላሟን ስታልብ ቆመው አዩ፤ ቀፎው ጭረቱን እያሳየ ተንሳፈፈ። ከዚያ ከቦጂያ ጋር ተሳፍረው ቡራዩ ወረዱ። ቦጂያ ጀሪካኑን ሲያወርድ ቲቸር እንደገና ለኩት።

"አካም፣ ቲቸር? ሌባው ተያዘ?" አለ ቦጂያ እየሳቀ።

"ገና ነው" አሉት። ቀፎው እንደተንሳፈፈ ነው።

መምጣታቸውን ሳይናገር ወተቱን እንደወትሮው ለጋሮማ እንዲሰጠው ነገሩትና፣ እነሱ ቀድመው ወደ ሰበታ ተመለሱ። ታክሲ ውስጥ ድንቅቱ አማቷን በጎን አየቻቸው፤ መስኮቱን ነው የሚያዩት። ወተቱን የሚነካ የቀረ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ጋሮማ አመሻሹ ላይ መጣ። ቀፎው ሰመጠ።

"ጋሮማ" አሉት እናቱ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ውሃውስ ይሁን። የጎደለውን ወተት የሚጠጣው ማን ነው?"

ጋሮማ በሩን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ተናገረ። ቡራዩ ኡርጂ የምትባል ልጅ አለችው፤ ድንቅቱን ሳያውቅ በፊት የወለዳት። እናቷ ቤይሩት ሄዳ ደብዛዋ ጠፍቷል፤ የምታሳድጋት የእናቷ አክስት ናት። ከወተቱ እየቀነሰ ለእሷ ይሰጥና የጎደለውን በውሃ ይሞላዋል።

በነጋታው ድንቅቱ ዕድላዊትን አዝላ ሱሉልታ ገባች። ቲቸር ደግሞ ቡራዩ ሄዱ። ሰንበትበት ብለው አንዲት ቀጭን ልጅ በእጃቸው ይዘው ሱሉልታ ድረስ መጡ።

"ታረቂ ልልሽ አልመጣሁም" አሏት። "ልጅቷን ሳታዪያት እንዳትወስኚ ብዬ ነው።"

ኡርጂ ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ተሸጉጣ አንድ ዓይኗን ብቻ አወጣች። ድንቅቱ ባሏን ይቅር ለማለት ዘገየች፤ ወደ ሰበታ የተመለሰችው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ኡርጂም እዚያው ሰበታ፣ አያቷ ዘንድ ቀረች። ያን ክረምት ቲቸር ከፕላስቲክ ማንኪያ የውሃ መዘውር ሠርተው አሸንዳው ሥር ተከሉት፤ ሁለቱ እህትማማቾች ዝናብ በጣለ ቁጥር ማን ያሽከርክረው እያሉ ይጣሉ ነበር።

ድንቅቱን ግን አንድ ነገር ይከነክናታል። አማቷ ያን ዕለት "ወተቱ የት ገባ?" አላሉም፤ "የሚጠጣው ማን ነው?" ነው ያሉት። አንድ ቀን ምስር እየለቀሙ ሳለ ጠየቀቻቸው።

"ሃርሜ፣ ቀድመው ያውቁ ነበር?"

"ማስረጃ አለሽ?" አሉና መልቀማቸውን ቀጠሉ።

ቲቸር ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አረፉ። ድንኳኑ ሽበት ባወጡ ተማሪዎቻቸው ሞላ። ከቡራዩ የኡርጂ እናት አክስት መጥታ ከድንቅቱ አጠገብ ተቀመጠች። አልቅሳ ሲወጣላት ወሬ ጀመረች።

"እኔማ የማውቃቸው ከድሮ ነው። አንድ ቀን አጥራችን ጋ ቆመው ኡርጂን ሲያዩ አገኘኋቸው። 'የዚች ልጅ አረማመድ የልጄ ነው' አሉኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ።"

"መቼ ነው?"

"ልጅሽ ገና ጡት ትጠባ ነበር መሰለኝ።"

ወተት መላክ ከመጀመሩ በፊት ማለት ነው። ድንቅቱ ጆሮዋ ጋለ። ታዲያ ሱሉልታ ምን አስኬዳቸው? ቦጂያስ ለምን በከንቱ ተጠረጠረ? በሕይወት ቢኖሩ ዛሬውኑ ትጣላቸው ነበር። ደግሞ አሰበችው፤ ያኔ በአፋቸው ቢነግሯት ታምን ነበር? ከቤት ሊያስወጡኝ የፈጠሩት ነው፣ ማለቷ አይቀርም። ልጃቸውንም ሊሸፍኑት ይችሉ ነበር፤ አልሸፈኑትም። ንዴቷ ግን በዚህ አልበረደላትም።

ተነስታ ንፍሮ ዘግና ለአክስቲቱ አቀረበችላት፤ ይበልጥ ተጠግታም ተቀመጠች።

"ሌላስ ምን አሉዎት?" አለቻት።