የብስክሌት ቤቱ ገድ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ የሞባይል መሸጫ ሱቅ ከፈተ። ገና ዕቃው ተደርድሮ ሳያልቅ እናቱ መጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። «አንቺ ቅደሚ፤ እግርሽ እርጥብ ነው» አለችኝ። ነገሌ ውስጥ ይህ ስም ከወጣልኝ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። አዲስ ሱቅ ሲከፈት፣ አዲስ ቤት ሲገባ እጠራለሁ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም አዲስ ባጃጅ ላይ አስቀምጠው አውርደውኛል። እንደ ልማዴ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ገባሁ፣ ልጁን መረቅሁት፣ የቀረበልኝን ለስላሳ ጠጣሁና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቤቴ ማንም የለም። አንዱ ልጄ አዲስ አበባ፣ አንዷ ሐዋሳ ናቸው፤ ባለቤቴ ሽብሩ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ለሰው ሁሉ ገድ አመጣች የሚባልላት ሴት ምሳዋን ብቻዋን በላች። ከሰዓቱንም ስለዚህ እግሬ ሳስብ አመሸሁ።

ነገሌ የገባሁት በሃያ ዓመቴ፣ ሙሽራ ሆኜ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ወላጆቼ ከጉራጌ አገር ሄደው ቦሬ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ናቸው። ቦሬ ደጋ ነው፤ ጉሙ ጠዋት በሩ ሲከፈት ከሰው ቀድሞ ይገባል። ነገሌ ደግሞ ቀይ አፈር፣ ግራርና ፀሐይ ነው። በቆጮና በጎመን ላደግሁት ለእኔ ምግቡ እንኳ እንግዳ ነበር፤ የግመል ወተቱ ጭስ ጭስ እያለኝ ብዙ ጊዜ ሳልጨርሰው አስቀምጠው ነበር። አሁን እሱን ካላገኘሁ ሻይ አልጠጣም።

ሽብሩም የጉራጌ ልጅ ነው። አባትና እናቱ በልጅነቱ ሞተውበት አጎቱ አሳደገው፤ ጢም ሲያወጣ ብቻውን ወደ ቆላ ወርዶ እዚያው ቀረ። ሥራው ያገለገለ ብስክሌት ነበር። ከሐዋሳ በአይሱዙ ጣራ ላይ አስጭኖ ያመጣና ይፈታታዋል፤ ካቴናውን በናፍጣ ያጥባል፣ የተጣመመውን ቸርኬ ያቃናል፣ ቀለም ቀብቶ ይሸጠዋል። በአገሩ እሾህ የማያስተነፍሰው ጎማ ስለሌለ የሸጠው ብስክሌት ሁሉ በሳምንቱ ለጥገና ይመለስለታል። «ግራር ባይኖር ምን እንበላ ነበር?» እያለ ይቀልድ ነበር።

እኔ ከአውቶብስ በወረድኩበት ሰዓት ዝናብ ጣለ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ከብቱ ከስቶ ኖሯል፤ እኔ ምኑን አውቄ፣ ነጠላዬ በጭቃ መበላሸቱ ነበር ያሳሰበኝ። ጎረቤታችን አዴ ዳኪ የሚባሉ የቦረና ባልቴት ዝናቡንና የእኔን መምጣት አያያዙትና ለሰፈሩ አወሩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ለክትባት ሠራተኞች ብስክሌት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት መጥቶ ዓመት ሙሉ ተሰቅለው የነበሩትን አሥራ አንድ ብስክሌቶች በአንድ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኝ? እግረ እርጥብ ሆኜ ቀረሁ።

ሽብሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣ። ጠዋት ቁልፉን እሱ ይከፍታል፣ ከዚያ ፈንጠር ብሎ ይቆማል። እኔ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ እገባለሁ፤ የመጀመሪያው ገበያተኛ እስኪመጣም በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን ይዋሻል፣ የትኛዋ ሙሽራ ገደኛ ነሽ ስትባል ትጠላለች? እየዋለ እያደረ ግን ሰለቸኝ። አንዳንድ ቀን ገበያተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይመጣም። ኦሮምኛ አልችልም። የሚመጡት ወንዶች ስለ ፍሬንና ስለ ፔዳል ከባሌ ጋር ያወራሉ፤ ለእኔ «አካም፣ ናጋ?» ብለው በሰላምታ ያልፋሉ። ገዴን የሚፈልገው ብዙ ነው፤ እኔን ምን ሆነሽ ነው የሚለኝ ግን አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት ብቸኝነት የተሰማኝ ጊዜ የለም፣ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ማርገዜን እናቴ ሰማች። ለመስቀል ነይ፣ እስክትወልጂም እዚሁ ቆይ ብላ በሾፌር ላከችብኝ። ጉራጌ የሆነ ሰው ለመስቀል ቤቱ መግባቱ የሚያከራክር ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ሽብሩ ግን ትምህርት ሊከፈት ነው፣ አስተማሪዎቹ ብስክሌት የሚገዙት አሁን ነው፣ አንቺ ከሄድሽ ሱቁ ይዘጋል አለኝ። አለቀስኩ። አባበለኝ እንጂ አልለቀቀኝም። እናቴ ለእኔ ብላ ያስቀመጠችው ቅቤ ሳልቀምሰው መስቀል አለፈ።

እንግዲያው ገዴን ራሴ አበላሻለሁ ብዬ ተነሳሁ። ጠዋት ባዶ ዕቃ ይዞ መግባት ገድ ያስቀራል ሲባል ሰምቼ ስላደግሁ፣ አንድ ሰኞ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥዬ፣ ያውም በግራ እግሬ ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ ከፊልቱ የመጣ የከብት ነጋዴ ሦስት ብስክሌት ገዛ። ሽብሩ በደስታ ጀሪካኑን ተቀብሎኝ ውኃ ሊቀዳልኝ ሄደ። በማግስቱ በተቀመጥሁበት የማውቀውን እርግማን ሁሉ በሆዴ ደረደርኩ፤ ያን ቀን ደግሞ ለጥገና የተሰለፈው ሰው በሩን ዘጋው። ከራሴ ገድ ጋር ተጣልቼ ተሸነፍኩ።

ያወጡኝ አዴ ዳኪ ናቸው። ኅዳር ሲጋመስ ሆዴ ገፍቶ በርጩማው ላይ መቀመጥ ሲያቅተኝ አይተው ወደ ሱቁ ገቡ። «አካም ቡልቴ፣ ሽብሩ?» ብለው ሰላም ካሉት በኋላ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «በእናንተ ወግ ኢንተላ፣ ልጅት፣ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ጋር ነው የምትወልደው፣ አይደለም?» አሉት። ነው አለ። «ገዱ ከሱቄ አይውጣ ካልክ እንግዲህ ሱቅህ ያዋልዳት።»

ሽብሩ አንገቱን ደፋ። «አንቱ ካሉማ ምን እላለሁ፣ አዴ» አለና በሦስተኛው ቀን አውቶብስ አሳፈረኝ። አዶላ አድረን በማግስቱ ቦሬ ጉም ውስጥ ገባን። ብርዱ ፊቴን ሲነካኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እናቴ ከስታ ነበር። ስጠይቃት ጨጓራ ነው አለችኝ፤ አባቴም ጨጓራ ነው አለኝ። ጥር ላይ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ቡላውን በቅቤ እያሸች በእጇ አጎረሰችኝ፤ ልጁን ጠዋት ማታ እሷ ታጥበዋለች። በዚህ መሀል ከሽብሩ ሦስት ደብዳቤ መጣ፤ የሦስቱም ቃል አንድ ነበር፦ ሱቁ ቀዝቅዟል፣ ሰው በሩን አልፎ ነው የሚሄደው፣ ክርስትናው እንዳለፈ ቶሎ ነይ። ሦስተኛውን አባቴ ጮክ ብሎ ሲያነበው እናቴ ልጁን እያጠበች ነበር። «ባል ቸግሮት ሲጠራ አይዘገይም። ሂጂ፤ ለመስቀል ትመጫለሽ» አለች። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሳ፤ በሳምንቱ ተመለስኩ።

ሱቁ ስደርስ ባዶ ነበር። ግድግዳው ላይ ሁለት ብስክሌት ብቻ ተሰቅሏል፣ አንደኛው ጎማ የለውም። ተዘርፈናል ብዬ ደነገጥሁ። ሽብሩ ልጁን ታቅፎ ቀና ብሎ አያየኝም። በኋላ ቀስ እያለ ተናገረ፤ ሁሉም ተሸጧል። ከሜጋ ድረስ ሰምተው መጥተው የገዙ ነበሩ። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ገበያ አይቶ አያውቅም።

«ታዲያ ለምን ቀዘቀዘ ብለህ ጻፍክ?»

«ደራ ብልሽ ትቆያለሽ ብዬ ነዋ» አለ። ከዚያ ልጁን እንደታቀፈ ቀጠለ፦ «አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ይህን በር ሦስት ዓመት ብቻዬን ከፍቻለሁ። አንድ ቃል ሳልናገር የምውልበት ቀን ነበር። ገዱን እኔ እንጃ። ጠዋት ከፊቴ ሰው ሲገባ ማየት ነው የምፈልገው።»

ልጁን ተቀብዬው ወደ ጓዳ ገባሁ።

እናቴ ነሐሴ ላይ ሞተች። በሽታዋ ጨጓራ አልነበረም፤ እሷም አባቴም ያውቁ ኖሯል። ያ ሽብሩ የከለከለኝ መስቀል የመጨረሻዋ ነበር፤ የምሰነብትባቸውን ወራትም በደብዳቤው ወሰደብኝ። ከለቅሶ ስመለስ በሰው ፊት «የእናቴን ጊዜ ሰረቅኸኝ» አልኩት። አልተከራከረኝም። ከዚያ በኋላ ኑሯችን ሰመረ፤ ሴት ልጅ ተጨመረች፣ ቤት ሠራን፣ ከብስክሌት ወደ ሞተርና ባጃጅ ዕቃ አደግን። በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ ራሱ አሳፍሮኝ ወደ ቦሬ ይልከኛል፤ እሱ ብቻውን ይቀራል። አብረን እንሂድ ብዬው አላውቅም። በተጣላን ቁጥር ያችን ቃል አነሳበታለሁ፤ እሱም በተነሳች ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

አሁን ግን የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ ለራሴ መዋሸቱ ምን ይረባኛል? ያ ሦስተኛው ደብዳቤ ሲነበብ የእናቴን እጅ አይቼው ነበር። ልጁን ስታጥብ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጨጓራ እጅ እንደማያንቀጠቅጥ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ቆዪ ብትለኝ እቆይ ነበር ይሆናል፤ ሂጂ ስትለኝ ግን ሁለተኛ አላስባልኋትም። ደብዳቤውን ያመንኩት ሱቁ አሳዝኖኝ አይደለም። በር ከፍቶ፣ ፈንጠር ብሎ ቆሞ፣ እንድገባ የሚጠብቀኝ ሰው ናፍቆኝ ነበር። ውሸቱ የእሱ ይሁን እንጂ እኔም በሁለት እጄ ነው የተቀበልኩት፤ ወቀሳውን ግን ብቻውን ተሸክሞት ሞተ። አንድ ቀን እነግረዋለሁ እያልኩ ያን ሁሉ ዓመት በየጠዋቱ ከፊቱ ቀድሜ ገባሁ፤ አንድም ቀን ዞር ብዬ አልነገርሁትም።