የሐሙስ አውቶቡስ እና የእኛ አውሮፕላን

ረቡዕ ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሳሁት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬን ጫልቱን ልጠይቅ ነው። ከጌዶ ወጣ ባለ ቀበሌ መምህርት ናት፤ ባሏ ገመቹ ኩላሊቱን ታሟል። የቢሮውን ጣጣ ትቼው መጣሁ ብል ግን ውሸት ነው። ሥራዬ አየር መንገድ ውስጥ የበረራ መስመር ማጥናት ነው። አትላንቲክን ተሻግሮ፣ መንገደኛ አውሮፕላን ወደሚቀይርባት አንዲት ትንሽ ከተማ የሚሄደው በረራችን ይቀጥል ወይስ ይዘጋ? ሰኞ ቁርጡን መናገር አለብኝ።

አምቦ ረፋድ ላይ ደርሰን ጨጨብሳ በላሁ፤ በማርና በቅቤ የራሰ፣ ሌላ ያሰኛል! ክረምቱ ሊወጣ ስለሆነ ጉደር ወንዝ ደፍርሶ ሞልቷል፤ ጤፉም ለምልሟል። ከጌዶ ወዲያ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጥጬ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ገባሁ።

«በጋ ነጋን ዱፍቴ! እንኳን በሰላም መጣሽ!» አለች ጫልቱ አቅፋኝ። «ምነው፣ ተንከባለልሽ እንዴ?»

እራት ላይ ነገሩን አጫወተችኝ። ገመቹ ለኩላሊት እጥበት አምቦ የሚሄደው ሰኞና ሐሙስ ብቻ ከቀበሌው ጌዶ ድረስ በሚወስደው አውቶቡስ ነው፤ ከዚያ ሌላ መኪና ይይዛል።

«በዚህ መንገድ? ማን ሊሳፈር?»

«ተይኝ እስቲ! እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ‹ጌዶ ጉዳይ ያለው ለሰኞና ለሐሙስ ያቆየው› ይላሉ። ተበታትነን ከሄድን አውቶቡሱ ባዶውን ይመላለሳል። ባዶውን ከተመላለሰ ይቀራል። ከቀረ ደግሞ…» ገመቹን አየችና ጋቢውን አስተካከለችለት።

የእኛም ነገር ያው ነው አልኳቸው። በረራው በእረፍት ወራት ይሞላል፣ ሌላ ጊዜ ይራቆታል። መንገደኛው ቀጥታ በረራ ሲያገኝ ትንሿን ከተማ ይተዋታል፤ አውሮፕላኑም ወደሚያዋጣው ይዞራል። አንዳንድ ከተማ ግን ነጋዴውና ማዘጋጃ ቤቱ ተሰብስበው «ወንበሩን እኛ እንሞላለን» ይላሉ፤ በረራውም ይቆያል።

«እነሱም እሑድ እሑድ ነው የሚነጋገሩት?» አለ ገመቹ እየሳቀ።

ሐሙስ ጠዋት

ዝናቡ አላባራም። ጎረቤት ቀበሌ ለቅሶ ስላለ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄዷል። ከጫልቱና ከገመቹ ጋር ስሳፈር ሹፌሩ ኦቦ ቶሎሳ ባዶዎቹን ወንበሮች አዩና ሞተሩን አጠፉ።

«ይቅርታ ጫልቱ፣ በዚህ ሰው ነዳጁም አይወጣም። እስከ መቼ ልክሰር?»

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቢሮ ተቀምጬ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ገመቹ ግን ፊቱ አብጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከፊት ተቀምጧል።

በዚህ መሃል አንዲት እናት ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ።

«አዴ ብርቂቱ፣ ጌዶ ምን ጉዳይ አለዎት?» አሉ ሹፌሩ።

«ምንም። ሄጄ እመለሳለሁ።»

ቀጥሎ አንድ አናጺ መዶሻውን እንደያዘ ገባ። ከዚያ «ገመቹ ሊቀር ነው» የሚል ወሬ የሰሙ ሰዎች የለቅሶ ልብሳቸውን እንደለበሱ ተሳፈሩ። አንዳቸውም ጌዶ ጉዳይ የላቸውም።

«ዋቃዮ፣ አምላኬ! ከእናንተ ጋር ምን ይሻለኛል?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ፤ እየሳቁ ሞተሩን አስነሱ። ወገን ማለት እንዲህ ነው! እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ።

አዲስ አበባ

ሰኞ አለቃዬን «ከመዝጋታችን በፊት የከተማዋን ሰዎች እናናግር» አልኩት።

«ምን ሊያደርጉልን?»

«እሱን እነሱ ይንገሩን። እስካሁን ማን ጠየቃቸው?»

አጉረመረመ፤ ግን ተስማማ። በስንት ዓመት ሥራዬ ባዶ ወንበር ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ብሎ ሥራውን ጥሎ የሚሳፈር ሰው እንዳለ ያወቅኩት እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ሐሙስ ሲደርስ አላስችል ብሎኝ ለጫልቱ ደወልኩ።

«ዛሬስ አውቶቡሱ ሄደ?»

«ሄዷል እንጂ! ጢም ብሎ ሞልቶ እኔ ራሴ ወንበር አጣሁ። ገመቹን አዴ ብርቂቱ ይዘውት ሄዱ» ብላ ሳቋን ለቀቀችው።