ከኮኪት እስከ አይከል፦ የፊልምና የዲጂታል ካሜራ ወጪ

ጎንደር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

የእግር ጉዞ ወዳጆች፣ በፊልም ካሜራ ማንሳት ይሻላል ወይስ በዲጂታል፣ የቱ ኪስ አይጎዳም እያላችሁ ስትጠይቁኝ ከረማችሁ። ይኸው ሁለቱንም አንግቤ ወደ መተማ ቆላ ልወርድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ባለ ሠላሳ ስድስቱ ፊልም ሦስት ሺህ ብር፣ አዲስ አበባ ልኮ ማሳጠቡ ሌላ ሺህ ሦስት መቶ፤ አንዷ ፎቶ ወደ መቶ ሃያ ብር ትመጣለች። ዲጂታሉ ከተገዛ ወዲህ ቻርጅ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ሹፌሩ፣ «መንገዱ ሰላም ከሆነ አይደል ፎቶው» ይላል።

ኮኪት፣ 9 ሰዓት

ሚኒባሱ እስከ ሸሕዲ ከተማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጣሁ። ሙቀቱ ራስ ያዞራል። የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዞር እላለሁ።

ታከለ የሚባል የአይከል ሰው ሰሊጥ ሲያጭድ አገኘሁ። ካሜራዬን አይቶ ማጭዱን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ መንገድ ላይ ተገደለ ተብሎ ተወርቶብኝ ቤታችን ለቅሶ ተቀምጠዋል። በሕይወት አለ ቢሏትም እናቴ ለማጽናናት ነው እያለች አታምንም። ስልኩ እንደሁ አይሠራም። አጨዳው ሳያልቅ መሄድ አልችልም። ሲመለሱ አይከል ጎራ ብለው ፎቶዬን ያሳዩልኝ።»

በዲጂታሉ አሥር ጊዜ አነሳሁት፤ ነፃ ነዋ። «በወረቀትም ይሁንልኝ፣ እሷ የምትይዘው» ሲለኝ ግን መቶ ሃያ ብሯ ትዝ አለችኝ። እያፈርሁ ነው የምጽፈው፤ በፊልሙ አንዴ ብቻ አነሳሁት።

ኬላ ላይ፣ በማግስቱ ረፋድ

ጠባቂው የፊልም ካሜራውን ገልብጦ አየው፤ የሚታይ ነገር ስለሌለው መለሰልኝ። የዲጂታሉን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየሁት።

«ይችን የወታደር መኪና አጥፋት» አለኝ በትሕትና።

ቶሎ ልገላገል ብዬ ቸኮልሁ። አንዷን ላጠፋ ስል «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ተጫንሁ። ካርዱ ባዶ ሆነ።

«ኧረ እኔ አንዷን ነው ያልሁህ» አለ ጠባቂው፣ ራሱ ደንግጦ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሁሉ ስለ ፊልሟ ስጨነቅ መጣሁ። ብርሃኑን በትክክል ለክቼው ይሆን? ዐይኑን ጨፍኖ ቢሆንስ?

አይከል፣ 8 ሰዓት

የታከለ እናት እማማ በላይነሽ ጥቁር ለብሰው በጎረቤቶች ተከበው ተቀምጠዋል። ልጅዎን አግኝቼዋለሁ ብላቸው ቀና አላሉም። ፊልሙን ካሜራው ውስጥ ወደ ቆርቆሮው ጠቅልዬ አወጣሁና አውራ ጣት የምታህለውን ቆርቆሮ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁ።

«ታከለ እዚህ ውስጥ አለ፤ ትናንት ያነሳሁት ነው።»

«እስቲ ክፈተውና ልየው።»

«ከከፈትሁት ብርሃን ያጠፋዋል፣ እማማ። አዲስ አበባ ሄዶ መታጠብ አለበት። ሁለት ሳምንት ይፈጃል።»

«ሁለት ሳምንት» አሉ። ቆርቆሮዋን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሷት። ምስኪን ሴት፣ ያን አሥር ፎቶ ባላጠፋው ኖሮ ይኸኔ የልጃቸውን ፊት እያዩ ነበር።

«በል እንግዲያ ዛሬውኑ ሂድ፣ ልጄ» ብለው ቆርቆሮዋን መለሱልኝ።

ጎረቤቶቹ ለቅሶው አበቃ ብለው ሊነሱ ሲሉ ግን፣ «የት ትሄዳላችሁ? ተቀመጡ» አሏቸው።